ራጁ ላይ የታች ወገብ አከርካሪ እንከን ታይቷል፤ እረፍት፣ መድኃኒት ወይስ ቀዶ ጥገና?

ባለ ሼፐርድ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፤ ዝርዝሩ ካልተነገረ ግን መልሱም ግምት ብቻ ነው የሚሆነው።

ውሻው ያልተኮላሸ ወንድ ጀርመን ሼፐርድ ነው፤ 5 ዓመቱ፣ 40 ኪሎ። የጎድን አጥንቱ ጫን ተብሎ ካልተዳሰሰ አይገኝም፤ በዘጠኝ ደረጃው የሰውነት ውፍረት መለኪያ 7 ተብሏል።

ከተኛበት ሲነሳ የፊት እግሮቹን ተክሎ የኋላውን እየጎተተ ነው። መኪና ላይ መዝለል ትቷል፤ መውረዱ ግን ብዙም አያስቸግረውም። ጅራቱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚይዘው። የግራ ኋላ እግሩ ሁለት መካከለኛ ጥፍሮች ከላይ በኩል ተፍቀዋል፤ አስፋልት ላይ ሲሄድ ሲፋተጉ ይሰማል። የጅራቱን ሥር አልፎ አልፎ ይልሳል። ሽንቱና ዓይነ ምድሩ ደህና ነው።

ራጁ ላይ የታየው፦ ሰባተኛው የወገብ አጥንት በግራ ክንፉ ከዳሌው ጋር ገጥሟል፣ በቀኙ አልገጠመም። መሸጋገሪያ አከርካሪ (ከፊሉ የወገብ፣ ከፊሉ ከዳሌው ጋር የሚገጥመውን አጥንት የሚመስል) ነው ተብሏል። ከሥሩ ደግሞ ስፖንዲሎሲስ (በአከርካሪዎቹ ጠርዝ ላይ የሚበቅል አጥንት) ጀምሯል። የታዘዘለት ሜሎክሲካም (ፀረ ብግነት ማስታገሻ) በቀን አንድ ጊዜ 4 ሚ.ግ. እና "እረፍት" ነው።

ጥያቄዎቼ፦ እረፍት ሲባል ስንት ሳምንት ነው፣ ምን ዓይነትስ? መድኃኒቱ ብቻውን ይበቃል? አጥንቱ አብሮት የተወለደ ከሆነ ለምን እስካሁን ዝም ብሎ ቆየ? ቀዶ ጥገና የግድ የሚሆነውስ መቼ ነው?

አጥንትና ነርቭ

ከሦስተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይመዘዛል።

ውሻ 7 የወገብ አከርካሪዎች አሉት። ከእነሱ ቀጥሎ ሦስት ተጣብቀው አንድ የሆኑ አጥንቶች፣ ማለትም ሳክረም፣ ይመጣሉ። በትልልቅ ውሾች ህብለ ሰረሰሩ ራሱ የሚያበቃው ስድስተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች በአከርካሪው ቦይ ውስጥ የሚያልፈው የፈረስ ጭራ የሚባለው የነርቭ ጥቅል ነው፤ ወደ ኋላ እግር፣ ወደ ሽንት ፊኛ፣ ወደ ፊንጢጣና ወደ ጅራት የሚሄዱት ነርቮች እዚያ አሉ። ስለዚህ ጅራት መውረዱ፣ ጥፍር መፋቁና የጅራት ሥር መላሱ ሦስት የተለያየ ችግር ሳይሆኑ ከአንድ ቦታ የሚመጡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሰባተኛው ወገብና ሳክረም የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ብዙ የሚንቀሳቀስ፣ የኋላ እግር ግፊት ሁሉ የሚያልፍበት ነው። አጥንቱ በአንድ ወገን ብቻ ሲገጥም ዳሌው ዘመም ይላል፣ ዲስኩም (በአጥንቶቹ መካከል ያለው ትራስ) እኩል አይጫንም። እኩል ያልተጫነ ዲስክ ቶሎ ያረጃል፤ ወደ ቦዩ ያብጣል፣ በዙሪያው ያለው ጅማት ይወፍራል፣ ነርቭ የሚወጣበት ቀዳዳ ይጠባል። ይህ በአንድ ቀን አይሆንም፤ ዓመታት ይወስዳል። ሲወለድ የነበረ አጥንት አሁን የተናገረው ለዚህ ነው። መሸጋገሪያ አከርካሪ ያላቸው ሼፐርዶች ችግሩን ከሌሎቹ ከ1 እስከ 2 ዓመት ቀድመው ያሳያሉ።

ከጻፉት ውስጥ ትልቁን ነገር የሚናገረው "መዝለል ትቷል፤ መውረዱ ግን ብዙም አያስቸግረውም" ያሉት ነው። ወገብ ወደ ላይ ጎበጥ ሲል ቦዩ ይሰፋል፤ ወደ ታች ሲሰረጉድ ይጠባል። ውሻ ሲዘል፣ በኋላ እግሩ ሲቆም፣ ደረጃ ሲወጣ ወገቡ ይሰረጉዳል። ከአሁን በኋላ ስለ እረፍትም፣ ስለ መልመጃም፣ ስለ መወጣጫም የምትወስኑት ሁሉ በዚህ መለካት አለበት፦ ወገቡን ያሰረጉዳል ወይስ አያሰረጉድም?

አሁን ወደ ራጁ። ራጅ ነርቭ አያሳይም። ስፖንዲሎሲስ ያለባቸው ብዙ ውሾች ምንም አያማቸውም፤ መሸጋገሪያ አከርካሪ ይዘው ሳይታወቅባቸው የሚያረጁም አሉ። ስለዚህ ምልክቱን በራጁ ላይ ለጥፎ ከመዝጋት በፊት የሚከተሉት መገለል አለባቸው።

የዳሌ መገጣጠሚያ። አንድ ወገን ብቻ የገጠመ አከርካሪ ዳሌውን ስለሚያዘነብለው በአንዱ ጎን ያለው የጭን አጥንት ራስ በደንብ ሳይሸፈን ሊያድግ ይችላል። ሁለቱም አብረው የሚገኙት ለዚህ ነው። ምርመራው ላይ የሚያሳስተው ደግሞ እግሩ ወደ ኋላ ሲሳብ ዳሌውም ወገቡም አብረው መዘርጋታቸው ነው፤ ውሻው ቢጮህ ከየትኛው እንደሆነ አይለይም። ዳሌው እግሩን ወደ ውጭ በመክፈት፣ ወገቡ ደግሞ እግሮቹ ሳይነኩ መገጣጠሚያውን ከላይ በመጫንና ጅራቱን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ በማንሳት ለየብቻ መፈተሽ አለባቸው። ጅራቱን እቤት አትሞክሩት፤ የታመመው ውሻ ዘወር ብሎ ይነክሳል።

የሰረሰር መመንመን፣ ማለትም ደጀኔሬቲቭ ማየሎፓቲ። ይህም ሼፐርድን ይወዳል። ግን ሕመም የለውም፤ ውሻው ወገቡ ሲጫን ዝም ይላል፣ ድካሙ ብቻ እየባሰ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው። የእርስዎ ገና 5 ዓመቱ ስለሆነና መነሳት ስለሚያመው የሚመስል አይደለም።

የዲስክ ኢንፌክሽን። ይህን ነው የምፈራው፤ ሰባተኛው ወገብና ሳክረም መካከል ያለው ዲስክ በብዛት ከሚጠቁት አንዱ ነው። ራጅ ላይ የሚታየው ሕመሙ ከጀመረ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ዘግይቶ ስለሆነ "ራጁ ንጹሕ ነው" መባሉ አያስተማምንም። የሙቀት መጠኑን በፊንጢጣ ይለኩ፤ ከ39.2 በላይ ከሆነ፣ ወይም ምግብ ከቀነሰ፣ የደምና የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ይጠይቁ። ያልተኮላሸ ወንድ ስለሆነ የብሩሴላ (የባክቴሪያ ዓይነት) ምርመራ ይጨመርበት፤ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። ፕሮስቴቱም ይታይ፤ የፕሮስቴት እብጠት ያለበት ውሻም ከኋላው ግትር ብሎ ይሄዳል።

ስለ መድኃኒቱ፦ ሜሎክሲካም በመጀመሪያው ቀን 0.2 ሚ.ግ. በኪሎ፣ ከዚያ በየቀኑ 0.1 ሚ.ግ. በኪሎ ነው፤ ለ40 ኪሎ 4 ሚ.ግ. ትክክል ነው። ሁልጊዜ ከምግብ ጋር። ለሰው የሚሸጠው እንክብል 7.5 እና 15 ሚ.ግ. ነው፤ 15ቱን ሙሉ መስጠት ከሚገባው ወደ አራት እጥፍ መስጠት ነው። ካስታወከ፣ ምግብ እምቢ ካለ ወይም ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ በዚያው ቀን ይቁም። የኩላሊትና የጉበት ደም ምርመራ ሲጀመርና ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደረግ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለውሻ መርዝ ናቸው፤ "ትንሽ ብቻ" የሚባል የለም። ከፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ ነው) ጋር ሜሎክሲካም በፍጹም አይደረብም፤ ጨጓራና አንጀት ይበሳል።

ነርቭ ሲጨመቅ የሚመጣው ሕመም ለፀረ ብግነት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይታዘዝም። ጋባፔንቲን 10 ሚ.ግ. በኪሎ በየ8 ሰዓቱ ቢጨመር፣ ለእርስዎ ውሻ 400 ሚ.ግ. መሆኑ ነው፣ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት። ለሰው የተዘጋጀው ፈሳሹ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ሊኖረው ስለሚችል እንክብሉን ብቻ ይጠቀሙ፤ ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያንገዳግደዋል፤ ይህን አይተው "ባሰበት" ብለው እንዳይደነግጡ፣ አካሄዱን የሚገመግሙት ሁልጊዜ ቀጣዩን መጠን ከመስጠትዎ በፊት ባለው ሰዓት ይሁን። ለሳምንታት የወሰደ ውሻ ደግሞ በአንዴ አይቋረጥበትም፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ እየተቀነሰ ነው የሚቆመው።

ቀስ በቀስ

እረፍቱን እኔ ልውሰደው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ነው። የሚሰናከልበትም ጊዜ ይታወቃል፦ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ። መድኃኒቱ ሕመሙን ያበርደዋል፣ ውሻው ይፈነጥዛል፣ ባለቤቱም "ዳነ" ብሎ ይለቀዋል። የተቆጣው ነርቭ ግን ገና አልረገበም።

እረፍት ማለት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ውሻው ዞሮ መተኛትና እግሩን ዘርግቶ መጋደም የሚችልበት የታጠረ ቦታ በቂ ነው፤ አጥሩ ግን የፊት እግሩን ሰቅሎ የሚቆምበት ዓይነት መሆን የለበትም። ሰው በመጣ ቁጥር አጥሩ ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ እረፍቱ እረፍት አይደለም። ከጎን በጨርቅ ሸፍኑት።

ሙሉ በሙሉ ማሰር ግን አልደግፍም። ለእግር ጡንቻ መሟሸሽ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፤ ወገቡን የሚደግፈው ደግሞ ያው ጡንቻ ነው። በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በአጭር ማሰሪያ፣ በሜዳማና በማያንሸራትት መሬት ላይ ይራመድ። ፍጥነቱ እያንዳንዱ እግር ለየብቻ ሲያርፍ የሚታይበት ይሁን። ሶምሶማ ከጀመረ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ማሰሪያው ከአንገት ሳይሆን ከደረት ይያዝ።

ሕመም ሳይታይበት ሁለት ሳምንት ከሞላው በኋላ ለእያንዳንዱ ጉዞ በሳምንት 5 ደቂቃ ጨምሩ። መለኪያችሁ ማግስቱ ነው፦ ጠዋት ሲነሳ ከትናንቱ ይልቅ ከከበደው የትናንቱን መጠን በግማሽ ቀንሳችሁ ሦስት ቀን ቆዩበት።

መልመጃ ከሦስተኛው ሳምንት በፊት አይጀመር፣ ሐኪሙም ይፍቀድ። የምመርጠው መቀመጥና መነሳት ነው። የጎማ ምንጣፍ ላይ፣ ደካማው ግራ ጎኑ ወደ ግድግዳ ተጠግቶ ይቁም፤ ግድግዳው እግሩ ወደ ውጭ እንዳይንሸራተት ይይዝለታል። ቁራሽ ምግብ አፍንጫው አጠገብ ይዛችሁ እንዲቀመጥ ካደረጋችሁ በኋላ እጃችሁን ወደ ፊትና ትንሽ ወደ ታች ሳቡ፤ ተከትሎ ይነሳል። ስህተቱ እጅን ከፍ ማድረግ ነው፦ ራሱን ቀና ሲያደርግ ወገቡ ይሰረጉዳል፣ ልናስወግደው የፈለግነው እሱን ነው። በአንድ ዳሌው ጋደም ብሎ ከተቀመጠም አይቆጠርም፤ እንደገና አስነሱት። 5 ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ፤ ሳይንቀጠቀጥ ከቻለ ቀስ በቀስ ወደ 10።

ቀጥሎ መሬት ላይ ከ4 እስከ 6 ዘንግ ደርድሩ፣ በመካከላቸው 60 ሴ.ሜ. ገደማ ተዉና በዝግታ ያልፋቸው። እግሩን የት እንደሚያሳርፍ እንዲያስብ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ለተፋቀው ጥፍርም መድኃኒቱ ይኸው ነው። ዘንጎቹን ሳይነካ ማለፍ ሲለምድ 5 ሴ.ሜ. ከፍ ይበሉ። ከዚያ በላይ ለሼፐርድ ወገብ አያስፈልግም።

ክብደቱ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። በዘጠኝ ደረጃው ከ5 በላይ ያለው እያንዳንዱ ደረጃ 10 ከመቶ ገደማ ትርፍ ማለት ነው፤ 7 ከሆነ 20 ከመቶ። 40ን ለ1.2 ስናካፍለው ዒላማው 33 ኪሎ ይሆናል። ስሌቱን በስልካችሁ ሥሩት፦ 33 × 33 × 33፣ ውጤቱን ሁለት ጊዜ ካሬ ሩት አውጡ፣ 13.8 ገደማ ይመጣል፤ በ70 ሲባዛ 960 ገደማ ኪሎ ካሎሪ በቀን። ደረቁ ምግብ በ100 ግራም 350 ኪሎ ካሎሪ ካለው በቀን 275 ግራም ነው፤ በስኒ ሳይሆን በሚዛን። የመልመጃው ቁራሽ ከዚሁ ላይ ይቀነስ። በሳምንት ከ400 እስከ 800 ግራም ቢቀንስ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ከፈጠነ ጡንቻም አብሮ እየሄደ ነው።

ወለሉ የሚያንሸራትት ከሆነ ከመኝታው እስከ ውሃው፣ ከውሃው እስከ በሩ የጎማ ወይም የስጋጃ መንገድ ዘርጉለት። በጣቶቹ መካከል ያለውን ጸጉር ከርክሙ፤ ጥፍሩ ሲቆም መሬት እንዳይነካ አሳጥሩ።

የሜዳ ሰው

ወንድሜ፣ ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፤ ግን ውሃ ዋና ለምን ተረሳ? መገጣጠሚያ ላይ ክብደት ስለሌለው ለወገብ ከሁሉም የተሻለ እሱ ነው። ለመኪናው ደግሞ መወጣጫ ሥራለት። ርዝመቱ የመኪናው ወለል ከፍታ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ 60 ሴ.ሜ. ከሆነ 180። ያኔ ተዳፋቱ ከ20 ዲግሪ በታች ይሆናል። ወርዱ ከ40 ሴ.ሜ. እንዳያንስ፤ ጠባብ ከሆነ በአንድ በኩል ዘሎ ይወርዳል፣ ይህ ከመዝለሉ የባሰ ነው። ፊቱ ላይ ስጋጃ ወይም ሻካራ ጎማ ለጥፍበት፤ የተቀባ ሳንቃ እርጥብ ሲሆን በረዶ ነው። መጀመሪያ መሬት ላይ ጠፍጣፋ አድርገህ አስለምደው፣ መጨረሻ ላይ ነው የምትሰቅለው።

ቀስ በቀስ

በመወጣጫው እስማማለሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ከሆነ። እስከዚያ ሁለት ሰው ያንሳው፦ አንዱ ከደረቱ ሥር፣ አንዱ ከጭኖቹ ኋላ፣ ወገቡ ቀጥ እንዳለ።

በውሃ ዋናው ግን አልስማማም። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ያለ ውሻ ራሱን ከውሃው በላይ ለማቆየት አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ ወገቡ ይሰረጉዳል፣ ያንንም ይዞ በኋላ እግሮቹ ይራገጣል። ለዳሌና ለጉልበት ችግር ጥሩ ነው፤ ለዚህ ቦታ ግን አይሆንም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት። የሚሻለው እግሩ መሬት እየነካ የሚራመድበት የውሃ ትሬድሚል ነው። ውሃው ዳሌው ድረስ ሲደርስ እግሮቹ የሚሸከሙት ከክብደቱ 38 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ ድረስ ብቻ ከሆነ 85 ከመቶ። ስለዚህ ዝቅ ያለ ውሃ ውስጥ ማራመድ ለወገቡ ብዙም አያቀልለትም።

ባለ ሼፐርድ

እግዜር ይስጥልኝ። ሙቀቱ 38.7 ነው፣ ምግብም አልቀነሰም። የብሩሴላው ደም ተልኳል። መዳፉን ገልብጬ ስፈትሸው የቀኙን ወዲያው ይመልሳል፤ የግራውን ግን ዘግይቶ ነው። ፈተናውን በትክክል አድርጌው ይሆን? ይህ ከሆነስ ቀዶ ጥገናውን አሁኑኑ ማሰብ አለብኝ?

አጥንትና ነርቭ

ፈተናው ትክክል የሚሆነው ውሻው በማያንሸራትት ቦታ ላይ በአራት እግሩ እኩል ቆሞ፣ አንድ እጅዎ ከሆዱ ሥር ክብደቱን ደግፎለት፣ የመዳፉ ጀርባ መሬት ሲነካ ነው። ካልደገፉት ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል ብቻ እግሩን ያነሳል፤ ያኔ ምንም አልፈተሹም። በዚህ መንገድ ተደርጎ ግራው ከዘገየ ነርቩ ተነክቷል፤ ጥፍሩም ይህንኑ እየተናገረ ነበር። በሳምንት አንዴ በተመሳሳይ ሰዓት ፈትሸው፣ አካሄዱንም ከኋላና ከጎን በስልክ ቀርጸው ይያዙ። ዕለት ዕለት የሚያይ ዓይን ዝግታ ያለውን ለውጥ አያይም።

ሐኪሙ የጉልበት ምቱን (ጉልበቱ ሲመታ እግሩ የሚወረወረውን) ሲፈትሽ ከልክ በላይ ጠንክሮ ቢያገኘው "ችግሩ ከላይ፣ ከህብለ ሰረሰሩ ነው" ብሎ መደምደም የለበትም። ጉልበቱን የሚዘረጋው ነርቭ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው የወገብ ክፍል ስለሚነሳ ደህና ነው፤ ተቃራኒውን ጡንቻ የሚያዘው የሳያቲክ ነርቭ ሲደክም የሚገታው ስለሌለ እግሩ ይወረወራል። ቁርጭምጭሚቱን ማጠፍ መድከሙ ነው ቦታውን በትክክል የሚጠቁመው።

ቀዶ ጥገናን በተመለከተ የእኔ መስመር ይህ ነው። ሕመምና መጠነኛ ድካም ብቻ ከሆነ እውነተኛውን እረፍትና መድኃኒት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይስጡት። ካልተሻለው፣ ወይም መድኃኒቱ በተቀነሰ ቁጥር ከተመለሰ፣ ኤምአርአይ ይነሳ። የሚቻል ከሆነ ወገቡ ታጥፎም ተዘርግቶም ይነሳ፤ በታጠፈበት ብቻ ከተነሳ መጥበቡ ሊደበቅ ይችላል። ድካሙ በሳምንታት ውስጥ እየጨመረ ከሄደ አይጠበቅም። ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ሳያውቀው ማምለጥ ከጀመረ ደግሞ የቀናት ጉዳይ ነው፤ ሽንት መቆጣጠር ካቃተው ከአንድ ወር በላይ የቆየ ውሻ ከቀዶ ጥገና በኋላም ይህን መልሶ የማግኘት ዕድሉ አነስተኛ ነው። እግር ሊጠብቅ ይችላል፣ ፊኛ አይጠብቅም።

በመሃል ያለ መንገድም አለ፦ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ በኤፒዱራል፣ ማለትም በቦዩ ውስጥ ነርቮቹ ዙሪያ መወጋት። የተለመደው ቅደም ተከተል በ1ኛው፣ በ14ኛውና በ42ኛው ቀን ነው። ሕመም ብቻ ላለበት ውሻ ጥሩ አማራጭ ነው፤ የሽንት ችግር ላለበት ግን ጊዜ ማባከን ነው። የዲስክ ኢንፌክሽን ሳይገለል አይወጋም፤ ስቴሮይድ ኢንፌክሽኑን ያቀጣጥለዋል። ሜሎክሲካሙም አስቀድሞ መቆም አለበት፤ ከ5 እስከ 7 ቀን ክፍተት ይተዋል።

ቀዶ ጥገናው ራሱ የቦዩን ጣሪያ አንስቶ ያበጠውን ዲስክ ማስወገድ ነው። የነርቭ መውጫ ቀዳዳው ከጠበበ ይሰፋል፤ መገጣጠሚያው ከተናጋ በብሎንና በዘንግ ይታሰራል። የትኛው እንደሚያስፈልግ ያለ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ አይወሰን። ከዚያም ከ6 እስከ 8 ሳምንት እንደገና ያው እረፍት ነው፤ ስለዚህ እረፍቱን አሁን መለማመዱ አይጎዳም።

አንድ የቀረ፦ ይህን ውሻ አያርቡት። መሸጋገሪያ አከርካሪ በዘር ይተላለፋል። የፊንላንድ ኬኔል ክለብ ራጁን ከ0 እስከ 4 ደረጃ ያወጣለታል፤ የእርስዎ ዓይነቱ በአንድ ጎን ብቻ የገጠመው 3 ነው።

ጠማማ ጅራት

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እንግሊዝ ቡልዶግ ላይ ሳክረሙ በደንብ አልተሠራም ተብሏል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሽንት ያንጠባጥባታል። እግሮቿ ደህና ናቸው። እረፍትና ሜሎክሲካም ለእሷም ይሠራል?

አጥንትና ነርቭ

አይሠራም። እዚያ የተጨመቀ ነርቭ የለም፤ ነርቩ ራሱ አብሮ በደንብ አልተሠራም። ሕመም ከሌላት ማስታገሻም እረፍትም አያስፈልጋትም። ሥራው ፊኛዋን በየጊዜው ባዶ ማድረግና ቆዳዋን መጠበቅ ነው።

ፊኛውን ማስወጣት እንዲህ ነው። ቁማ፣ እናንተ ከኋላዋ ወይም ከጎኗ ሆናችሁ፣ ሁለት መዳፋችሁን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ከኋላ እግሮቿ ፊት ለፊት ሆዷን ከግራና ከቀኝ ያዙ። በጣት ጫፍ አይደለም፤ ጣት ሲወጋት ሆዷን ታጠነክራለች፣ ከዚያ ፊኛው አይገኝም። ሁለቱ መዳፎች ቀስ ብለው ይቀራረቡ፤ በውሃ የተሞላ ትንሽ ፊኛ በመካከላቸው ሲንሸራተት ይሰማችኋል። እሱን ይዛችሁ ግፊቱን በእኩል እየጨመራችሁ ወደ ኋላ፣ ወደ ጅራት አቅጣጫ ምሩት። መውረድ ሲጀምር ግፊቱን አትለውጡ፤ ሲቆም አፍታ አርፋችሁ አንዴ ድገሙ።

በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ። በዚህ ዓይነት የነርቭ ጉዳት ፊኛው ላላ ያለ ስለሆነ በቀላሉ መልቀቅ አለበት። ጠንክሮ እምቢ ካለ አታስገድዱት፤ ይፈነዳል። ያኔ ሐኪም በቱቦ ያውጣው፣ ምክንያቱም ይፈለግ። ጤነኛ ውሻ በቀን በኪሎ ከ20 እስከ 40 ሚ.ሊ. ትሸናለች፤ 22 ኪሎ ከሆነች ከ440 እስከ 880 ሚ.ሊ.። የምታስወጡት ከዚህ በእጅጉ ካነሰ ፊኛው ባዶ አልሆነም ማለት ነው፤ የቀረው ሽንት ደግሞ የባክቴሪያ ቤት ነው።

ሽንቱ ከደፈረሰ፣ ከወትሮው የተለየ ሽታ ካመጣ ወይም ደም ካሳየ አንቲባዮቲክ በግምት አትጀምሩ። ናሙናው በመርፌ በቀጥታ ከፊኛው ተወስዶ ካልቸር ይደረግ፤ ከወለል የተቀዳ ሽንት የሚያሳየው የወለሉን ባክቴሪያ ነው።